ቁጥሩ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት

ሰብለወርቅ በሪሁን አድማሱ፣ ዕድሜ አርባ አንድ። ሙያዋን የሚጠይቃት ሰው እንደማንነቱ ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል። ጠያቂው ፎርም የሚያስሞላ ሠራተኛ ከሆነ «የኮምፒውተር ሥርዓት አስተዳዳሪ» ትለዋለች፤ ጎረቤት ከሆነ «ኮምፒውተሮች ሲኳረፉ አስታርቃለሁ» ትላለች። ለእውነቱ ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው መልስ ነው።

አዲስ አበባ ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ በአንድ ባንክ የኮምፒውተር ክፍል ብዙ ዓመት ከሠራች በኋላ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ቡራዩ አደረሳት። ቡራዩ ስትገባ ጎረቤቶቿ በአፋን ኦሮሞ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ሲሏት ዝም ብላ ትሥቅ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ግን እሷው ቀድማ «አካም ቡልታኒ» ማለት ጀመረች። የሰዋስው ስሕተት ስትሠራ የሚያርሟት ሕፃናት ናቸው፤ እርማቱንም በአክብሮት ትቀበላለች፤ ምክንያቱም ራሷ ሰውን ሳታርም የምትውልበት ቀን የለም።

«ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» ብሎ ለሚደውልላት ሰው የምትሰጠው መልስ የታወቀ ነው።

«እምቢ ሲል ምን ብሎ ነው እምቢ ያለው? ቃል በቃል አንብብልኝ።»

«እንግሊዝኛ ነገር ነው እኮ፣ እትዬ ሰብሌ።»

«እንግሊዝኛውን አንብብልኛ።»

«ረጅም ነው!»

«ጊዜ አለኝ።»

ጊዜ አለኝ ስትል የምሯን ነው። ሰው የስሕተትን መልእክት ሳያነብ መዝጋቱን ከስንፍና ሁሉ የከፋ ስንፍና አድርጋ ትቆጥረዋለች። በዚህ ረገድ ይህን የሚጽፈው ሰው ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል።

የምትሠራው ለሐጂ ከድሩ ማተሚያ ቤት ነው። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ ወጥተው፣ ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጡ ጀምረው፣ ሰባውን ዕድሜ ሲያልፉ የሁለት ቤት ጌታ የሆኑ ነጋዴ ናቸው። የቡራዩው ቤት ዲዛይን ይሠራል፤ ልጃቸው ረምዚያ ታስተዳድረዋለች። የሰበታው ቤት ያትማል፤ የወንድማቸው ልጅ አክመል ይመራዋል። ሥራቸው በአብዛኛው በጠርሙስና በጣሳ ላይ የሚለጠፍ ሌብል ነው፤ ለሱሉልታ የታሸገ ውሃ፣ ለለገጣፎ ሳሙና፣ ለጫንጮ ማር።

ፍላሽ በዞረ ቁጥር ቫይረስ ይዞ ስለሚዞር፣ ሰብለወርቅ የሁለቱንም ቤት ኮምፒውተሮች ከዩኒክስ ወገን በሆነው በሊኑክስ አደራጀቻቸው። ቡራዩ ላይ ተጠቃሚዎችን በየስማቸው ልታስገባ የተቀመጠች ዕለት የሆነውን እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ «ከማን እንጀምር?» ስትል ረምዚያ ደነገጠች።

«ከማን እንጀምር ይባላል እንዴ? አባዬ ቆመው! እኔ ከእሳቸው ፊት ልግባ? ነውር ነው እኮ!»

«ሐጂ ኮምፒውተር አይነኩም።»

«ባይነኩስ? በባዶ ቤት ውስጥም ቢሆን የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ነው።»

ሐጂ ራሳቸው የመጡት ሥራው የተባረከ እንዲሆን ዱዓ ሊያደርጉ ነበር፤ ዱዓውን አደረጉ፤ ስማቸውም ከሁሉ ፊት ገባ። ሌላው በዕድሜው ቅደም ተከተል ተከተለ። ሰበታ ላይ ግን የተገኘው ሥርዓት ሌላ ነበር። ሣጥኑን የቀደደው፣ ገመዱን የሰካው፣ አቧራውን የጠረገው ነገሳ ገርባ ስለሆነ መጀመሪያ የገባው ነገሳ ነው፤ አክመል ረፍዶ መጣና ሁለተኛ ሆነ። ነገሳ የተጂ ከተማ ልጅ፣ የማተሚያ ፕሌት አዘጋጅ፣ ዝምተኛና ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ቤቶች ያን ጊዜ በሽቦም በአየርም አይገናኙም ነበርና በዚህ ቤት ማን እንደቀደመ ለዚያ ቤት ደንታው አልነበረም።

ዲዛይኑ ከቡራዩ ሰበታ ይሄድ የነበረው በሞተረኛ ኪስ ነው። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተነሣ። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ትሰፋለች፣ መሬታችን በካርታ ላይ ሄደ ያሉ ገበሬዎችና ልጆቻቸው አደባባይ ወጡ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግሥቱ ድንጋይና የሚነድ ጎማ ይሞላዋል፤ ተኩስም ነበረ፤ ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰፈርም አልነበረም። ሞተረኛው ታኅሣሥ ላይ ከዓለም ገና ተመልሶ መጣና ፍላሹን ረምዚያ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«እኔ» አለ፣ «ለውሃ ሌብል አልሞትም።»

ስለዚህ ሰብለወርቅ ሁለቱን ቤቶች በኪራይ መስመር አገናኘቻቸው። በሰበታው ሰርቨር ውስጥ ያለው ዲስክ በቡራዩ ኮምፒውተሮች ላይ እንደራሳቸው ፎልደር ሆኖ እንዲታይ አደረገች፤ እዚህ ያስቀመጡት እዚያ ይገኛል፣ መካከል ላይ ሞተረኛም ጎማም የለም። ሰው ሁሉ ተደነቀ። ረምዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ የጽጌረዳ ሥዕል አስቀመጠችና አክመል ሰበታ ሆኖ ሲያየው በስልክ እልልታ ተሰማ።

ደስታው እስከ ማግሥቱ ቆየ። በማግሥቱ መስመሩ ለአፍታ ተቋረጠና የቡራዩ ኮምፒውተሮች ሁሉ ደርቀው ቀሩ።

«ሰብሌ፣ ሞተብን!»

«ምን ይላል? ቃል በቃል።»

ረምዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና አነበበች። ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም፣ አሁንም እየሞከርኩ ነው ይላል።

«አልሞተማ! እየሞከረ ነው። ተዉት።»

«እስከ መቼ ነው የሚሞክረው?»

«እስኪመለስለት። ተስፋ እንዳይቆርጥ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ተስፋ የሚቆርጥ ቢሆን ግማሽ ፋይል ጽፎ ይተውሽ ነበር።»

«እኛ ግን ተስፋ ልንቆርጥ ነው» አለች ረምዚያ። መስመሩ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ከዚያ በኋላ በቡራዩ ቤት ሰው ሲዘገይ «አሁንም እየሞከረ ነው» ማለት የተለመደ ቀልድ ሆነ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይልቅ ዝምተኛ ነበር። ረምዚያ የሠራችውን ዲዛይን ነገሳ ወደ ራሱ ፎልደር ወስዶ ለኅትመት ያዘጋጃል። ደንበኛ በመጨረሻ ሰዓት ስልክ ቁጥር ቀይሩልኝ ሲል ረምዚያ ከቡራዩ ሆና ነገሳ ፎልደር ውስጥ ልታርም ትሞክራለች፤ ፈቃድ የለሽም ይላታል። ሌሎቹም ዲዛይነሮች ሞከሩ፤ ፈቃድ የላችሁም። ሰብለወርቅ «መንገዱ ሲከፈት ሁለቱም ቤት ተቀምጬ አየዋለሁ» አለች፤ መንገዱ ግን በቀላሉ የሚከፈት አልሆነም።

በዚህ መካከል ሐጂ ከድሩ ወደ ሰበታ መመላለስ ስለቀረባቸው ቡራዩ መዋል ጀመሩ። መዋል ሲሰለቻቸው ኮምፒውተር ተማሩ። አንድ ከሰዓት ረምዚያ ፈቃድ የለሽም ከሚላት ማሽን ጋር ስትጨቃጨቅ በራሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያንኑ ፋይል ነካ አደረጉት። ተከፈተ። አረሙት፤ ታረመ። አስቀመጡት፤ ተቀመጠ።

«እንዴት ለእርስዎ ብቻ እሺ ይላል፣ አባዬ?»

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጌታውን አውቆ ነዋ።»

ማንም አልተጠራጠረም። ባለቤት ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሁሉ ፊት የገቡ ናቸው፤ ማሽን ደግሞ ከሰው በላይ ባለጌ መሆን የለበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተቆለፈ ነገር ሲገኝ «አባዬ፣ እስቲ ይክፈቱልን» ማለት የቡራዩ ቤት የአሠራር ሥርዓት ሆነ። ሰብለወርቅም አልተነገራትም፤ ምክንያቱም ለእነሱ ይህ ብልሽት አልነበረም። ብልሽትን የሚናገር ሰው መጀመሪያ ብልሽት መሆኑን ማወቅ አለበት።

የካቲት ላይ የሱሉልታው ውሃ አምራች አዲስ ሌብል አዘዘ፤ የውሃው ስም በላይ በአማርኛ፣ በታች በአፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት። ነገሳ አዘጋጅቶት ሳለ አጎቱ ሞቱበትና ተጂ ለለቅሶ ሄደ፤ መንገድ ተዘግቶበትም እዚያው ሰነበተ። ኅትመቱን አክመል ራሱ አስጀመረ። እንደ ወጉ ደንበኛው ከሱሉልታ መጥቶ ናሙናውን አይቶ ይፈርማል፤ ጊዜው ክፉ ሆነና አልመጣም፤ «የስልኩ ቁጥር ከታረመ አትሙት፣ ጠርሙሱ ቆሞ ይጠብቃል» አለ። አክመልም ናሙናውን ሳያይ አተመው።

ሌብሉ ተለጥፎ፣ ውሃው በፍቼ መንገድ ላይ ባሉት ሱቆች ተደርድሮ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ጠርሙሱን አዙሮ አየና «አማርኛው የታለ?» አለ። አማርኛው አልነበረም። አፋን ኦሮሞው ብቻውን ቆሟል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ደንበኛው ተቆጥቶ ያበቃ ነበር። በዚያን ወራት ግን ሰው ሁሉ ሁሉን ነገር እንደ መግለጫ ያነብ ነበር። አምራቹን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠርቶ «ይህን ያስደረገው ማነው?» አለው፤ እሱም አክመልን «ማነው?» አለው፤ አክመልም የሰበታውን ሰርቨር ከፍቶ የፋይሉን ባለቤት አየ። ነገሳ ይላል። ፕሮግራሙ ሲያስቀምጥ አሮጌውን አንሥቶ አዲስ ስለሚጽፍ የሚታየው ስም የመጨረሻው አስቀማጭ ስም ነው።

አክመል ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ያገኘውን ስም ይይዛል። የነገሳ ታናሽ ወንድም በተቃውሞው ታስሮ እንደነበር ያውቃል። ለደንበኛው በስልክ «አግኝተነዋል» አለው። ደንበኛውም የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ይዞ ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ ስሙን በገዛ ዓይኑ እንደሚያይ ነገረው። በእነዚያ ቀናት ስሙ በእንዲህ ያለ ነገር የተነሣ ወጣት ከቤቱ ሲወሰድ ለምን ብሎ የሚጠይቅ፣ ቢጠይቅም መልስ የሚያገኝ አልነበረም።

ወሬው ማታውኑ ሰብለወርቅ ጆሮ ደረሰ፤ በማግሥቱ መንገዱ ክፍት ስለነበር በጠዋት ሰበታ ደረሰች። ነገሳ ከተጂ ገና መመለሱ ነው፤ ራሱን የተላጨ፣ ጥቁር የለበሰ። ከማሽኑ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«እትዬ ሰብሌ፣ ማሎ፣ እባክሽ አንቺ እይው። እኔ እንድጠጋ አልተፈቀደልኝም።»

«የአጎትህን ነፍስ ይማር። አክመል፣ ምን ይላል? ቃል በቃል።»

«ቃል በቃል ነገሳ ይላል!» አለ አክመል። «ሌላ ምን ቃል አለው?»

«ከስሙ አጠገብ ቀንና ሰዓት አለው። አንብበው።»

አክመል አነበበ። ነገሳ ተጂ አጎቱን በሚቀብርበት ቀን፣ ቀትር ላይ።

«ሰዓት ይቀየራል» አለ አክመል። «ወይም ደግሞ ከተጂ ሆኖ ገብቶ ይሆናል።»

«በምን ገብቶ?»

«በኢንተርኔት ነዋ።»

«የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘግቶ? ባንተ ስልክ ሠርቶ ነበር?»

አክመል ስልኩን እንደ መሰከረበት ሰው አየው።

ሰብለወርቅ ለማንኛውም የፋይል መጋራት ችግር ሦስት ጥያቄ አላት፤ በተራ ነው የምትጠይቀው፣ አንዱንም አትዘልም። መንገዱ ያደርሳል? በሩ ክፍት ነው? በረኛው የገባውን ሰው ማን ነው ብሎ አወቀው? መንገዱ ያደርሳል፤ በሩም ክፍት ነው። ሦስተኛውን ግን ሁለቱ ቤቶች ከተገናኙ ወዲህ ጠይቃው አታውቅም ነበር። ለረምዚያ ደወለች።

«ረምዚያ፣ በጋራው ፎልደር ውስጥ አንድ ባዶ ፋይል ፍጠሪልኝ። ስሙን ሙከራ በይው።»

«አሁን?»

«አሁኑኑ።»

ሦስቱም የሰበታውን ስክሪን ተመለከቱ። ሙከራ የተባለው ፋይል ብቅ አለ። ባለቤቱም ከጎኑ ተጻፈ። አክመል።

አክመል ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «እኔ አልነካሁም! ወላሂ አልነካሁም! እጄ እዚህ ነው፣ እያያችሁት!»

ነገሳ ለለቅሶ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። «ከተጂ ሆነህ ገብተህ ይሆናላ፣ ኦቦ አክመል።»

«ዝም በል አንተ!» አለ አክመል፤ ድምፁ ውስጥ ግን ቁጣው አልቆ ነበር።

ሰብለወርቅ ወንበር ስባ አስረዳቻቸው። ማሽኑ የሰው ስም አያውቅም። ለተመዘገበ ሰው ሁሉ በየተራው ቁጥር ይሰጣል፤ የፊተኛው አንድ ሺህ፣ ተከታዩ አንድ ሺህ አንድ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፋይል ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ነው። ከቡራዩ ወደ ሰበታ በመስመሩ የሚሻገረውም ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሰበታ ሲደርስ ሰርቨሩ ከራሱ መዝገብ «አንድ ሺህ አንድ ማነው?» ብሎ ይጠይቅና ያገኘውን ስም ያሳያል። ረምዚያ በቡራዩ ሁለተኛ ናት፤ አክመል በሰበታ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ ረምዚያ የምትሠራው ሁሉ ሰበታ ላይ የአክመል ሥራ መስሎ ይታያል።

«እንግዲያ የእኔን ቁጥር ይዞ ቡራዩ የተቀመጠው ማነው?» አለ ነገሳ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ሰብለወርቅም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ለረምዚያ ደገመችው። «ቡራዩ መጀመሪያ ያስገባነው ማንን ነበር?»

«አባዬን ነዋ» አለች ረምዚያ በስልኩ ውስጥ። «አንቺ ራስሽ አይደለሽ ያስገባሻቸው? ምነው?»

ሰብለወርቅ ስልኩን ዘጋች። የረምዚያን መልስ የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ማነው አለች?» አለ አክመል።

«ሄጄ አጣራለሁ» አለች። «ነገሳ ግን አይደለም። ይህን አሁን ጻፍና ለደንበኛህ ንገረው።»

አክመል አንገቱን ደፋ። «እነግረዋለሁ። ግን እሱ የሚያምነው ያየውን ነው። ስክሪኑ ላይ የነገሳን ስም ካየ የኔ ወሬ ምን ያደርጋል?»

ሐጂ ከድሩ ቡራዩ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሰብለወርቅ ሰላምታዋን ሰጥታ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቃ፣ ረምዚያም በሩን ከዘጋች በኋላ የሱሉልታውን ሌብል ከፈተችላቸው።

«ሐጂ፣ ይህን ፋይል ያስታውሱታል?»

«እንዴታ! ረምዚያ የስልኩን ቁጥር እንድታርም ከፈትኩላት። አርማ ጨርሳ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ተነሣች። እኔ ደግሞ ሰግጄ ነበርና ቁጭ ብዬ ሳየው የአማርኛው ፊደል አንሶ አንሶ ዓይኔን አስቸገረኝ። ሽማግሌም እኮ ውሃ ይጠጣል፣ ልጄ። ትንሽ ከፍ አደረግኩት።»

«ምን ያህል ከፍ አደረጉት?»

«እስኪነበብ ድረስ።»

ሰብለወርቅ በጣቷ ጽሑፉን የከበበውን የክፈፍ መሥመር አሳየቻቸው። ፊደሉ ሲያድግ ከክፈፉ ወጥቶ ነበር፤ ከክፈፉ የወጣ ነገር ስክሪን ላይ ቢታይም አይታተምም። ሐጂ ሊያስነብቡት ያሳደጉት አማርኛ በመተለቁ ጠፋ። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አዩ። ነገሩን ለመረዳት ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ በንግድ ያረጀ ሰው ነውና።

«ያ ልጅ ነገሳ የተጠረጠረው በእኔ ምክንያት ነው ማለት ነው?»

«ነው።»

«ንጹሕ መሆኑን ተናግረሻል?»

«ተናግሬያለሁ። የእርስዎን ስም ግን አላነሣሁም።»

ረምዚያ ከበሩ አጠገብ ሆና መታገሥ አልቻለችም። «ሰብሌዬ፣ ሰው ምን ይላል? ፊደል አስተለቁ ብሎ የሚያምን አለ? በዚህ ሰዓት! ነጋዴው አማርኛውን አጠፋው ነው የሚባለው። ደማቸው ከፍ እያለ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ጠርተው ቢያቆሟቸውስ?»

«ዝም በይ አንቺ» አሉ ሐጂ። ረምዚያን እንጂ ሰብለወርቅን አልነበረም የሚያዩት፤ ቀጥለው የተናገሩት ግን ለሰብለወርቅ ነበር። «ለነገሳ እኔው እነግረዋለሁ። ሄጄ ለቅሶውንም እደርሳለሁ። ለነዚያ ሰዎች ግን…» ሐጂ ከድሩ ዓረፍተ ነገር ጀምረው ሳይጨርሱ የቀሩበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ይህንን ግን አልጨረሱትም።

ሐጂ በዚያው ከሰዓት ከሰብለወርቅ ጋር ሰበታ ሄዱ። ነገሳን ለብቻው ወሰዱት፤ ከፕሌቱ ማሽን ጀርባ ቆመው ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም፤ የታየው ነገሳ ጎንበስ ብሎ የሐጂን ትከሻ ሲስም ነው። ከዚያ ነገሳ ሰብለወርቅ ወደተቀመጠችበት መጣ።

ሰብለወርቅ ጥገናውን ጀምራለች። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። በሁለቱ ቤቶች ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ቁጥርም አንድ ሰው እንዲሆን ቡራዩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ቀየረች። ከዚያ በኋላ ግን ቀድሞ የተጻፉት ፋይሎች የድሮ ቁጥራቸውን እንደያዙ ይቀራሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ማሽኑ ሊለይ አይችልም፤ ሰው አንድ በአንድ እያየ ለባለቤቱ ማስረከብ አለበት። የረምዚያን ለረምዚያ አስረከበች። የአክመልን ለአክመል። ጽጌረዳዋ ሳትቀር ጌታዋን አገኘች።

«ፈያ ነው? ሁሉ ደህና ሆነ?» አለ ነገሳ።

«አንዱ ቀርቷል።»

የቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። «እትዬ ሰብሌ፣ ሐጂ ነግረውኛል። እሳቸውን የሚነካ ነገር እንድታደርጊ አልለምንሽም፤ እጃቸው በክፋት እንዳልሄደ አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ባዶ ላድርገው? ማንም የሚባል ተጠቃሚ አለ እኮ። ሥርዓቱ ራሱ የፈጠረው ነው፤ ጌታ ለሌለው ነገር።»

ነገሳ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየ። «ማንም የሚል ስም ካዩ ሰዎቹ ሁለት ነገር ይላሉ። አንድ፣ ተሰርዟል። ሁለት፣ ሊሰረዝለት የሚፈልግ ማነው? ከዚያ ወንድሙ የታሰረው ማነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ወደኔው ይመለሳሉ።»

«የእኔን ስም ባደርገውስ?»

«ያኔ ውሸት ይሆናል» አለ ነገሳ። «አንቺ ደግሞ ውሸት አትችዪም። ሲያፋጥጡሽ ቃል በቃል ትነግሪያቸዋለሽ።»

ሣቁ። ሣቁም ብዙ አልቆየም።

አክመል በበሩ አንገቱን አስገብቶ ደንበኛው እንደደወለ ነገራቸው፤ ሰዎቹ ለነገ አልቆዩም፤ ዓለም ገናን አልፈው እየመጡ ነው። ሐጂ ከድሩ ግቢ ውስጥ ከጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ ይታያሉ፤ ወደ ውስጥ አላዩም፤ ጻፊም ተዪም አላሏትም። ነገሳ ከኋላዋ ቆሟል። ፋይሉ አሁንም በነገሳ ስም ነው፤ ያ ስም ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። እውነተኛው ስም የሐጂ ነው፤ ፊደል ያስተለቁት ሽማግሌ ይህን ለማያምን ሰው ምን ብለው ያስረዳሉ? «ማንም» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ «ማንም» የሚሆነው ያው ነገሳ ነው።

ሰብለወርቅ፣ ሕይወቷን ሙሉ ሰውን ቃል በቃል አንብብልኝ ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን የሚነበበውን ራሷ ልትጽፍ ጣቷን ቁልፉ ላይ አኑራለች። የፋይሉን ባለቤት የሚቀይረው ትእዛዝ ተጽፎ አልቆ የጎደለው አንድ ስም ብቻ ነው። ውድ አንባቢ፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት እርስዎ ቢሆኑ፣ መኪናው ግቢው በር ላይ ከመቆሙ በፊት የማንን ስም ይጽፉ ነበር?